ግራጫው ዱቄትና የፖሊሱ እጅ

በፊልም ላይ መቼም አይታችሁታል። ሌባው ሰርቆ ሄዷል፤ ወይም ገዳዩ አምልጧል። መርማሪው ትንሽ ሳጥን ከፍቶ ለስላሳ ብሩሽ ያወጣል፤ ብሩሹን ዱቄት ነካ አድርጎ የበሩ እጀታ ላይ ያሽከረክረዋል። አሻራው እንደ ተአምር ብቅ ይላል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ሌባው ይያዛል። ሁሉ ነገር ደስ ይላል። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል፦ መርማሪውን አያስነጥሰውም።

እኔ እውነተኛውን ያየሁት ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን ቤት ሌባ የገባ ጊዜ ነው። አሻራ ሊያነሳ የመጣው ሰው ረጋ ያለ፣ ሥራውን የሚወድ የሚመስል ፖሊስ ነበር። እኛ የሰፈር ልጆች በር ላይ ተደርድረን እናያለን። እሱ ጥቁሩን ዱቄት በመስኮቱ መስታወትና በቁም ሳጥኑ በር ላይ ያዳርሳል። ጓንት አላደረገም፤ አፍንጫውንም አልሸፈነም። የተረፈውን ዱቄት እፍ ብሎ ያራግፋል። እፍ ባለ ቁጥር በመስኮቱ በሚገባው ፀሐይ ውስጥ ጥቁር ብናኝ ሲጨፍር ይታያል። ሲጨርስ እጁን በሱሪው ጠረግ ጠረግ አደረገ። የቤቱ እመቤት፣ ሌባ የገባባቸው መሆኑን እንኳ የረሱ ይመስል፣ "ልጄ፣ ሻይ ሳትቀምስማ አትሄድም" አሉት። በነጭ ስኒ ቀዱለት፤ ተቀምጦ ጠጣ።

ያ ሰው ሰሞኑን ትዝ ያለኝ ስለ አሻራ ታሪክ ሳገላብጥ ነው። የአሻራ ታሪክ ሁልጊዜ የሚተረከው ስለ ተገኘው ሰው ነው፤ ስለ ሌባው፣ ስለ ነፍሰ ገዳዩ፣ አንዳንዴም በስህተት ተጠርጥሮ ስለ ዳነው ምስኪን። ብሩሹን ይዞ ስለሚያጎነብሰው ሰው ግን ብዙም አይወራም። እስቲ ዛሬ ታሪኩን በእሱ በኩል እንየው። (ዓመቶቹ፣ ሌላ ነው ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጣት ምስክር ሲሆን

እኛ አገር የጣት አሻራ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው መፈረም የማይችል ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ሲጫን ነው። የዘመናዊው አሻራ ታሪክም ከዚሁ የራቀ አይደለም። በ1858 ህንድ ውስጥ፣ ቤንጋል ላይ ዊልያም ሄርሼል የተባለ የእንግሊዝ አስተዳዳሪ ከአንድ የአገሬው ኮንትራክተር ጋር ይዋዋላል። ሰውዬው ነገ "እኔ አልፈረምኩም" ብሎ እንዳይክድ በመስጋት መዳፉን ቀለም አስነክሮ በውሉ ወረቀት ጀርባ ላይ እንዲያትም አደረገው። አሻራ የተጀመረው እንግዲህ ወንጀለኛ ለመያዝ ሳይሆን ውል ለማጽናት ነው።

በ1880 ቶኪዮ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሄንሪ ፎልድስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም "ኔቸር" ለተባለው የሳይንስ መጽሔት ደብዳቤ ጻፈ። አሻራ ወንጀለኛን ለመለየት ሊያገለግል ይችላል የሚል ነው። በደብዳቤው ከጠቀሳቸው ገጠመኞች አንዱ በነጭ ግድግዳ ላይ የተገኘ የጥላሸት አሻራ ነበር፤ አሻራው የተጠረጠረው ሰው ንጹሕ መሆኑን ለማሳየት ረድቷል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1892 አርጀንቲና ውስጥ ፍራንሲስካ ሮሃስ የተባለች ሴት ሁለት ልጆቿን መግደሏ በር ላይ በቀረ የደም አሻራ ተረጋገጠ። በ1897 ካልካታ ውስጥ የአሻራ ቢሮ ተከፈተ። የአመዳደቡ ዘዴ እስከ ዛሬ የሚጠራው በእንግሊዛዊው አለቃ በኤድዋርድ ሄንሪ ስም ይሁን እንጂ የስሌቱን ዋና ሥራ የሠሩት አዚዙል ሃቅ እና ሄም ቻንድራ ቦስ የተባሉ ሁለት ህንዳውያን ረዳቶቹ ናቸው። ሄንሪ ዘዴውን ይዞ ወደ ለንደን ሄደና በ1901 የስኮትላንድ ያርድ የአሻራ ቢሮ ተቋቋመ። በዓመቱ፣ በ1902፣ ሃሪ ጃክሰን የተባለ ሌባ የቢሊያርድ ኳሶች ሰርቆ ሲወጣ አዲስ ቀለም የተቀባ መስኮት ነክቶ ኖሮ፣ ቀለሙ ላይ በቀረው አውራ ጣቱ ተፈረደበት። እንግሊዝ አገር በአሻራ ማስረጃ የተፈረደበት የመጀመሪያው ሌባ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጥላሸት፣ ደም፣ ቀለም። እነዚህ ሁሉ በዓይን የሚታዩ አሻራዎች ናቸው። ነገር ግን ሌባ ሁልጊዜ ቀለም አይነካም። አብዛኛው ሰው ዕቃ ነክቶ ሲሄድ ጥሎ የሚሄደው ላብና ትንሽ ቅባት ነው፤ እሱ ደግሞ አይታይም። በ1905 የስትራተን ወንድማማቾች ለንደን፣ ዴትፎርድ ውስጥ አንድ የሱቅ ኃላፊና ሚስቱን ገድለው ሲሰቀሉ ዋናው ማስረጃ የገንዘብ ሣጥን ላይ የቀረ እንዲህ ያለ የላብ አሻራ ነበር። ከዚያ ወዲያ ፖሊስ የማይታየውን የሚያሳይ ነገር በየቀኑ ያስፈልገው ጀመር። ዱቄቱ ወደ ታሪኩ የገባው በዚህ በር ነው።

መድኃኒት የነበረ ዱቄት

የዱቄቱ አሠራር ቀላል ነው። የላቡና የቅባቱ ቅሪት ጥቂት ተጣባቂነት አለው። ደቃቅ ዱቄት በላዩ ሲነሰነስ የጣቱ መስመር ባለፈበት ይጣበቃል፤ ባላለፈበት ይራገፋል። ቁምነገሩ ሁለት ነው፦ ዱቄቱ በጣም የደቀቀ መሆን አለበት፤ ቀለሙም ከዕቃው ቀለም መለየት አለበት። ነጭ ዕቃ ላይ ጥቁር ዱቄት፣ ጥቁር ዕቃ ላይ ነጣ ያለ ዱቄት።

ለጥቁሩ ጥላሸትና ግራፋይት ነበሩ። (በነገራችን ላይ እኛ "እርሳስ" የምንለው መጻፊያ ውስጡ ያለው ግራፋይት እንጂ እርሳስ የሚባለው ብረት አይደለም። ስሙን አውርሶን የሄደ ስህተት ነው።) ለነጣ ያለው ደግሞ አንዳንዱ ዘንድ ነጭ የእርሳስ ካርቦኔት ነበር፤ ይሄ እንግዲህ እውነተኛው፣ መርዛማው እርሳስ ነው። የእንግሊዝ ፖሊሶች በጣም የወደዱት ግን ከፋርማሲ የሚገዛ አንድ መድኃኒት ነበር። "ግራጫ ዱቄት" ይባላል።

ግራጫ ዱቄት አንድ እጅ ሜርኩሪ ከሁለት እጅ ጠመኔ ጋር ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ነው። የድሮ ሰዎች ባዜቃ የሚሉት፣ ቴርሞሜትር ሲሰበር ወለሉ ላይ እንደ ብር ዶቃ የሚንከባለለው ያ ፈሳሽ ብረት ነው ሜርኩሪ ማለት። ፋርማሲስቱ በጠመኔው ውስጥ እያሸ እያሸ ዶቃዎቹ በዓይን እስከማይታዩ ድረስ ያደቃቸዋል። የእንግሊዝ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ የላቲን ስም ወጥቶለት በክብር ተቀምጦ ነበር። ለቂጥኝ ይታዘዛል፤ ለሆድ ድርቀት ይታዘዛል፤ ለሕፃናት ሁሉ ሳይቀር ይታዘዛል።

ፖሊሱ ታዲያ ምን ያስፈራው? ሕፃን የሚውጠውን ነገር በብሩሽ መነስነስ ምን አለበት? ደግሞም ሥራውን በደንብ ይሠራል። ደቃቅ ነው፤ በላቡ መስመር ላይ ተጣብቆ ቁልጭ ያለ አሻራ ያሳያል፤ ፎቶ ሲነሳም ያምራል። ለመርማሪ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ችግሩ ያለው ጥሩ ነው በተባለበት በዚያው ባሕርዩ ነው። ሜርኩሪ ከሌሎች ብረቶች የሚለየው በተራ የክፍል ሙቀት የሚተን በመሆኑ ነው። በጠርሙስ ውስጥ እንዳለ አንድ ትልቅ ጠብታ የሚተነው በላይኛው ገጹ በኩል ብቻ ነው። ያንኑ ጠብታ ሚሊዮን ቦታ ስትከፋፍሉት ግን አየር የሚነካው ገጽ እጅግ ይሰፋል፤ ትነቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ይህን ዱቄት ብሩሽ ላይ አድርጋችሁ በዝግ ክፍል ውስጥ፣ ፊታችሁን ዕቃው ላይ ደፍታችሁ፣ ዓመት ከዓመት ብትነሰንሱት የምትተነፍሱት ብናኙን ብቻ አይደለም፤ የማይታየውን፣ ሽታ የሌለውን ትነት ጭምር ነው። ፈሳሽ ሜርኩሪ ቢዋጥ አንጀት ወደ ደም የሚያሳልፈው እጅግ ጥቂቱን ነው። በትነት መልክ ሲተነፈስ ግን ከተሳበው ውስጥ 80 በመቶ የሚሆነው በሳንባ በኩል ወደ ደም ይገባል። ከደም ወደ አንጎል ይደርሳል።

መዋጥና መተንፈስ ለየቅል ናቸው ማለት ነው። ያንን ልዩነት ለፖሊሶቹ የነገራቸው አልነበረም።

"ሥራህ ምንድነው?"

እዚህ ጋ "ዘመኑ ነዋ! ማን ያውቅ ነበር?" የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት እንደሱ ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ይታወቅ ነበር። ያውም ከ200 ዓመት በላይ አስቀድሞ።

በ1700 በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ስለ ሠራተኞች በሽታ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የቬኒስ መስታወት ሠሪዎች፣ ብርጭቆውን ከጀርባው በሜርኩሪ ሲለብጡ ኖረው፣ ሰውነታቸው እንደሚሽመደመድ እዚያ ውስጥ ጽፏል። ራማዚኒ ለሐኪሞች የተወው ትልቁ ምክር ግን አንዲት አጭር ጥያቄ ናት። በሽተኛ ሲመጣ ከጥንት ጀምሮ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች ላይ አንድ ጨምሩ፤ "ሥራህ ምንድነው?" በሉት አለ።

የባርኔጣ ሠሪዎቹም ታሪክ አለ። የእንስሳ ፀጉር ወደ ባርኔጣ ጨርቅ እንዲጠቀጠቅ በሜርኩሪ ውህድ ይታሽ ነበር። ሠሪዎቹ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጠባያቸው ይለወጣል፤ በትንሽ በትልቁ ይቆጣሉ፤ ወይም ደግሞ ሰው ዓይን ማየት ያፍራሉ። እንግሊዞች "እንደ ባርኔጣ ሠሪ ያበደ" የሚል አባባል ሁሉ አላቸው። አሜሪካ ውስጥ፣ ኮነቲከት፣ ዳንበሪ የተባለችው የባርኔጣ ከተማ መንቀጥቀጡን በራሷ ስም እስክታስጠራ ድረስ ታውቅበት ነበር። አሜሪካ ሜርኩሪን ከባርኔጣ ሥራ ያገደችው በ1941 መጨረሻ ነው።

እንግዲህ ባርኔጣ ሠሪው ሲንቀጠቀጥ ምክንያቱ ይታወቃል። ተረትና ምሳሌ ሆኗል። በዚያው ዘመን ፖሊሱ ያንኑ ብረት በብሩሽ እየበተነ ይተነፍሳል። ሁለቱን ያገናኘ ሰው ግን አልነበረም። ምክንያቱም ባርኔጣ ሠሪ "ፋብሪካ" ውስጥ ነው፤ ፖሊስ ደግሞ ሕግ አስከባሪ ነው። ፖሊስ ቢያስፈራው የሚያስፈራው ጥይትና ጩቤ ነው እንጂ ዱቄት አይደለም። የፖሊስን ሐኪም "ይሄ ሰው እጁ ላይ ምን ይዞ ነው የሚውለው?" ብሎ እንዲጠይቅ የሚገፋው ነገር አልነበረም።

ላንክሻየር፣ 1949

ጥያቄዋ በመጨረሻ የተጠየቀችው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በላንክሻየር ነው። ጆን አጌት እና ሞናሚ በክል የተባሉ ሁለት የሥራ ላይ ጤና ተመራማሪዎች አሻራ የሚያነሱትንና የሚያነሱትን አሻራ ፎቶ የሚያደርጉትን የላንክሻየር ፖሊሶች መረመሩ። ውጤቱን በ1949 "ላንሴት" በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። ርዕሱ ራሱ ዜና ነበር፦ በአሻራ ፎቶግራፍ ሥራ የሚመጣ የሜርኩሪ መመረዝ፣ የፖሊሶች የሙያ አደጋ።

ከተመረመሩት መሃል ሥር የሰደደ የሜርኩሪ መመረዝ ምልክት የታየባቸው ነበሩ። ዋናው ምልክት ደግሞ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው።

እስቲ አስቡት። አሻራ ማንሳት የእጅ ሙያ ነው። ብሩሹ ትንሽ ከከበደ አሻራው ይደመሰሳል፤ ያ ማለት ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው። ጎበዝ የሚባለው እጁ የማይናወጥ ነው። እጁ የማይናወጥ ስለሆነም ብዙ ሥራ የሚሰጠው ለእሱ ነው። ብዙ ሥራ የተሰጠው ደግሞ ብዙ ዱቄት ይተነፍሳል። ዱቄቱ መጨረሻ ላይ የሚወስደው ያንኑ የማይናወጥ እጅ ነው። ሙያው የራሱን ጎበዝ በላ ማለት ይቻላል።

ሌላውም ምልክት ቢሆን ለመታወቅ አያመችም። የሜርኩሪ ትነት ሰውን ቁጡ፣ ድንጉጥ፣ ዓይን አፋር፣ እንቅልፍ አልባ ያደርጋል። ቤት ውስጥ ሚስቱ "ሰውዬው ምን ነካው? እንዲህ አልነበረም" ትላለች። አለቃው "ሥራው ሰለቸው መሰል" ይላል። እሱም ራሱ ዕድሜ ነው ብሎ ያልፈዋል። መርዝ ጠባይ መስሎ ሲመጣ ማን ይጠረጥረዋል? እግር ቢሰበር ሁሉም ያየዋል፤ ጠባይ ሲሰበር ግን ጥፋቱ የባለቤቱ ይሆናል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1951፣ በዚያው መጽሔት ላይ ስለ አሻራ ሥራና ስለ ሜርኩሪ ሌላ ጥናት ወጣ። ነገሩ የጥቂት ሰዎች ዕድለ ቢስነት አለመሆኑ ግልጽ ሆነ። ግራጫው ዱቄት ከፖሊስ ሳጥን መውጣት ጀመረ።

በዚያው ሰሞን ሌላም በር ተከፍቶ ነበር። ሜርኩሪ ያለባቸው ዱቄቶች ጥርስ ለሚያወጡ ሕፃናት ይሰጡ እንደነበር የዘመኑ እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። ብዙ ሕፃናትም እጅና እግራቸው እየቀላ፣ ቆዳቸው እየተላጠ፣ ቀንና ሌሊት እያለቀሱ፣ አንዳንዶቹም እየሞቱ፣ ሐኪሞች "ሮዝ በሽታ" ብለው ስም ከማውጣት በቀር መነሻውን ሳያውቁት ኖረዋል። በ1948 ጆሴፍ ዋርካኒ እና ባልደረባው የእነዚህን ሕፃናት ሽንት መርምረው ሜርኩሪ አገኙ። እንግሊዝ አገር ዱቄቶቹ ከገበያ የወጡት በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሽታው ራሱ ጠፋ ማለት ይቻላል።

አያችሁ? ፖሊሱ "ሕፃን የሚወስደው መድኃኒት ምን ይጎዳኛል?" ብሎ ቢያስብ ሕፃኑም እየተጎዳ ነበር። የአንዱ ማረጋገጫ የሌላው ዝምታ ሆኖ ሁለቱም በአንድ መርዝ ታመሙ።

ብርማው ዱቄት

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። መርዙ ተገኘ፣ ተጣለ፣ ተፈጸመ። ዳሩ ግን ግራጫው ሲወጣ ቦታውን የሚይዝ ሌላ ዱቄት ያስፈልግ ነበር። እንግሊዝ አገር ቦታውን የያዘው በዋናነት አሉሚኒየም ነው። እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ስቴሪክ አሲድ በሚባል ቅባት የተለበጠ ደቃቅ የብረት ቅጠል። ለስላሳ ገጽ ላይ ከሌሎች ዱቄቶች የበለጠ ጥሩ አሻራ ያሳያል።

አሉሚኒየም እንደ ሜርኩሪ አይተንም። ይህ ትልቅ ዕርምጃ ነው፤ መካድ የለበትም። ቢሆንም የደቀቀ ብረት ሁሉ ሳንባ ውስጥ ሲገባ የራሱ ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመን ውስጥ ለፈንጂና ለርችት የሚሆን የአሉሚኒየም ዱቄት የሚያመርቱ ሠራተኞች ሳንባቸው እየጠነከረና እየጠበበ ታመሙ፤ ሐኪሞቹ "የአሉሚኒየም ሳንባ" አሉት። በኋላ እንደታየው ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ስቴሪክ አሲድ ሲጠፋ በምትኩ የማዕድን ዘይት መጠቀማቸው ነው። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ የተለበጠበት ቅባት ሲለወጥ ግን ጠባዩ ተለወጠ። የፋብሪካ ሠራተኛ የሚተነፍሰውና አሻራ አንሺ የሚተነፍሰው መጠን እኩል እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ትምህርቱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፦ "አሉሚኒየም ነው፣ ድስት የሚሠራበት ነው፣ ምንም አይልም" ማለት መልስ አይደለም።

ይህን ከማንም በላይ የከፈሉበት የካናዳ ማዕድን ቆፋሪዎች ናቸው። ከ1943 እስከ 1979 ድረስ በኦንታሪዮ የወርቅና የዩራኒየም ማዕድን ቦታዎች ቆፋሪዎቹ ወደ ጉድጓድ ከመውረዳቸው በፊት ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል ውስጥ ይዘጋባቸውና "የማክንታየር ዱቄት" የሚባል የአሉሚኒየም ብናኝ ይነፋባቸው ነበር። በደንብ ሳቡት ይባላሉ። ሳንባቸውን ከድንጋይ አቧራ ይጠብቃል ተብሎ ነው። መድኃኒት ነዋ! አሁንም "መድኃኒት"። በ2020 የወጣ ጥናት እነዚህ ሰዎች ለፓርኪንሰን በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳየ፤ በ2022 ኦንታሪዮ በዚህ ዱቄት ሳቢያ የሚመጣን ፓርኪንሰን የሥራ በሽታ ብላ በደንብ አስገባችው። የመጀመሪያው ዱቄት ከተነፋ ወደ 80 ዓመት ሊሆነው ምንም አልቀረውም ነበር።

ሌላም የአሉሚኒየም ዱቄት ጠባይ አለ፤ ይነዳል። ርችት ውስጥ የሚያበራው፣ የሮኬት ነዳጅ ውስጥ የሚገባው ያው ደቃቅ አሉሚኒየም ነው። በጠርሙስ ተዘግቶ ሲቀመጥ ጨዋ ነው፤ አየር ላይ ተበትኖ እሳት ሲያገኝ ግን ይፈነዳል። ሲነድም ውሃ አይደፋበትም፤ ውሃው ሃይድሮጅን ያወጣና እሳቱን ይብስበታል። ስለዚህ ዱቄት ያለበት ክፍል ውስጥ ሲጋራ ማጨስ ድፍረት ሳይሆን ቂልነት ነው።

ብልሃቱ ምን ሆነ?

የሚገርመው መፍትሔው ከባድ አለመሆኑ ነው። በ1961 ኸርበርት ማክዶኔል የተባለ አሜሪካዊ ፀጉር የሌለው ብሩሽ አወጣ። እንደ እስክሪብቶ ያለ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ማግኔት። የብረት ብናኝ ያለበት ዱቄት ማግኔቱ ላይ ተንጠልጥሎ ራሱ ብሩሽ ይሆናል፤ የተረፈውን ደግሞ ማግኔቱ መልሶ ይሰበስበዋል። የታሰበው አሻራው እንዳይደመሰስ ነው። አብሮት ግን አየር ላይ የሚበተነው ዱቄት ቀነሰ። አሻራውን ያዳነው ነገር ሳንባውንም ጠቀመ ማለት ነው። (ማግኔት በሚስበው ብረት ላይ እንደማይሆን ግን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለሁሉም በር የሚሆን ቁልፍ የለም።)

ቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ አየሩን ከሠራተኛው ፊት ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ የሚስብ ጠረጴዛ መጣ። ለመስክ ሥራ ደቃቅ ብናኝ የሚያግድ ማስክና ጓንት። ዱቄቱን ከትልቁ ዕቃ ጥቂት ብቻ ቀንሶ መያዝ። ብሩሹን አለማራገፍ። በአፍ እፍ አለማለት። መስኮት መክፈት። ሲጨርሱ እጅ መታጠብ፤ ከዚያ ሻይ መጠጣት።

ቅደም ተከተሉ ግን መርሳት የለበትም። መጀመሪያ መርዛማውን በማይመርዝ መለወጥ፤ ካልተቻለ ብናኙን ከሰው መለየት፤ ማስክ የመጨረሻው ነው። የላንክሻየር ፖሊሶችን ጨርቅ አፍንጫ ላይ ማሰር አያድናቸውም ነበር፤ ትነት ጨርቅ አያግደውም። ያዳናቸው የዱቄቱ መለወጥ ነው። ሠራተኛን "ተጠንቀቅ" ማለት ርካሽ ነው፤ ዕቃውን መቀየር ግን የአለቃ ሥራ ነው።

ሕግ የሚያስከብረውን ሕግ ሲረሳው

አሁን ወደሚያስቆጨው ክፍል እንምጣ። እንግሊዝ አገር በ1974 ትልቁ የሥራ ላይ ደኅንነት ሕግ ወጣ። አሠሪ ሁሉ የሠራተኛውን ጤና የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል። ጥሩ ነው። ፖሊስ ግን በሕጉ ዓይን "ተቀጣሪ" አልነበረም፤ የሹመት ባለቤት ነው የሚባለው። ቃሉ ክብር ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሕጉ ተቀጣሪ ለሚላቸው የሰጠው ጥበቃ ለፖሊሱ እንዳይደርስ ማድረግ ነበር። ይህንን ለማስተካከል የፖሊሶች ጤናና ደኅንነት ሕግ የተባለ የተለየ አዋጅ ያስፈለገ ሲሆን የወጣው በ1997 ነው። ከላንሴቱ ጽሑፍ 48 ዓመት በኋላ!

አሜሪካም ብትሆን የ1970ው የሥራ ደኅንነት ሕጓ የክፍላተ ግዛትና የከተማ አስተዳደር ሠራተኞችን በቀጥታ አይሸፍንም፤ ግዛቱ የራሱን ዕቅድ ካላወጣ በቀር የከተማ ፖሊስ ከዚያ ውጭ ነው።

ወደ እኛስ ስንመጣ? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን በ1991 አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) አሠሪው መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውም አደጋውን እንዲያውቅ ያዛል። ግን ይኸው አዋጅ የፖሊስ አባላትን፣ እንደ ወታደሩና እንደ ዳኛው ሁሉ፣ በልዩ ሕግ የሚተዳደሩ ናቸው ብሎ ከራሱ ውጭ ያደርጋቸዋል። የተለየ ሕግ መኖሩ በራሱ ክፋት የለውም፤ የፖሊስ ሥራ የተለየ ነውና። ጥያቄው አንድ ነው፦ ያ ልዩ ሕግ ስለ ጥይቱ ብቻ ነው የሚያስበው ወይስ ስለ ዱቄቱም?

ይህን የምለው ለፖሊስ ብቻ አዝኜ አይደለም። እዚህ ከተማ ውስጥ ስንቱ ወጣት ነው ያለ ማስክ ብረት ሲሞርድ፣ ሲበይድ፣ መኪና በእስፕሬይ ሲቀባ፣ የፎቶ ኮፒ ማሽን ቀለም ሲሞላ የሚውለው? ስንቶቻችን ነን በምንሠራበት ክፍል አየር ላይ ምን እንዳለ ጠይቀን የምናውቀው? ስንጠይቅስ "ምን ሆነህ ነው የምትሞላቀቀው? እኛ 20 ዓመት ሠርተንበታል" የማይሉን ስንት ናቸው? ላንክሻየር ውስጥም ለዓመታት የሠሩበት ነበሩ። መንቀጥቀጡ የጀመራቸው እነሱን ነው።

ስኒው

ጎረቤታችን ቤት ወደመጣው ፖሊስ ልመለስ። የያዘው ጥቁር ዱቄት ነበር እንጂ ግራጫው አልነበረም፤ ግራጫው ዱቄት በዚያ ጊዜ ከሞተ ቆይቷል። በዚያ ቀን አንድ ጊዜ ስለተነፈሰው ታመመ ልል አልችልም። ነገር ግን ሥራው ያ ነበር፤ ነገም ሌላ ቤት፣ ከነገ ወዲያም ሌላ ቤት። ከራማዚኒ በኋላ 300 ዓመት አልፎ እዚያ ክፍል ውስጥ የነበርነው ሁላችንም፣ አዋቂውም ልጁም፣ ሌባው ምን እንደወሰደ ስንጠይቅ ዱቄቱ ከሰውዬው ምን እንደሚወስድ የጠየቀ አልነበረም። እሱም አልጠየቀም።

የሌባውን አሻራ ያግኙት አያግኙት አላውቅም። ሰውዬው ሻዩን ጨርሶ፣ አመስግኖ ሄደ። እኔ ስኒውን አንስቼ ወደ ጓዳ ሳስገባ ነጩ ላይ ጥርት ያለ ጥቁር አውራ ጣት ተቀምጦ አየሁ። ከከንፈሩ ቦታ አንድ ጣት እንኳ አይርቅም።

ያን ቀን በዚያ ቤት ውስጥ ከተነሱት አሻራዎች ሁሉ ግልጹ እሱ ነበር።